ፎቶው ላይ ያለው ልጅ በያጅ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ወሎ ወጣቶችና ስለ ሥራ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለብቻዬ፣ ቀጥሎ ረዳቶቼ ለምሳ ሲቀመጡ ጮክ ብዬ። አንዱ ልጅ ስልኬን ተቀብሎኝ ፎቶውን በጣቱ አሰፋና «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እኮ እየሠራ ነው» አለኝ።

ስለ ዘገባው የምለው ብዙ ነበር። ሌላውን ትቼ ከፎቶው ሥር የጻፋችሁት አንድ መስመር ላይ ልቁም። «ሙያ የሌላቸው የደሴ ወጣቶች» ይላል። ፎቶው ላይ ግን አንድ ልጅ ተንበርክኮ የበር ፍሬም ይበይዳል። ልጁን አላውቀውም። ብየዳውን ግን በደንብ አየሁት።

ቁም ብየዳ ነው። ብረቱ እንደቆመ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ። የቀለጠ ብረት ፈሳሽ ነው፣ ወደ ታች መውረድ ይፈልጋል። እጅህ ከዘገየ ይንጠባጠባል። ከፈጠነ አይያያዝም። አምፔሩ፣ ማለትም የማሽኑ ኤሌክትሪክ፣ ከበዛ ስስ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነው ብረት) ይበሳል፣ ካነሰ ኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያ ልጅ ያለፈበት መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት እኩል እኩል ተደራርቧል። እኔ ዘንድ አንድ ረዳት እዚህ ለመድረስ፣ እጁ ፈጣን ከሆነ፣ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ልጅ ሙያ የለውም ካላችሁ እስኪ ሙያ ያለውን አሳዩኝ።

መነጽር አላደረገም። እሱ ጥፋት ነው። ማታ ሲተኛ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል እንደሚቆረቁረው እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚያ ብትጽፉ ኖሮ ጽሑፉን አትሜ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈው ነበር። እናንተ ግን ያጣውን መነጽር አልፋችሁ ያለውን ሙያ ነጠቃችሁት።

ዘገባችሁ ኮሌጆችን ቆጥሯል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጠቅሷል። ኃላፊዎችን አነጋግሯል። ከዚያ «ከማሠልጠኛ ተቋም ውጭ ወጣቱ ሙያ የሚቀስምበት ቦታ የለም» ብሎ ደመደመ። ጋዜጠኛው ያንን ፎቶ ሲያነሳ የቆመው ልጁ ሙያ ከሚማርበት ሳልዳቱራ (ብየዳ) ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ቢገባ ምን ነበረበት?

እስኪ በቁጥር እንነጋገር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ተሻሽሏል፣ ደስ ይላል። ግን በ2017ም ቢሆን ከመቶው ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ያንን መስመር አላለፈም። ገሚሱ በአቅም ማሻሻያ ይቀጥላል፣ ገሚሱ ኮሌጅ ይገባል። የቀረውስ? የቀረው እኛ ዘንድ ይመጣል። ጋራዥ፣ እንጨት ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ብየዳ ቤት። ሰኞ ገበያ አካባቢ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብትመጡ ደብተር ያልያዘ ተማሪ በየበሩ ታያላችሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። በሒሳብ ወድቆ የመጣ ልጅ ነው። ፍሬም ይሠራል፣ ሲገጠም ይጣመማል። በሁለተኛው ቀን ሜትሩን ሰጠሁትና ከጥጉ ጀምረህ በአንዱ ጎን 60 ሴንቲ፣ በሌላው 80 ሴንቲ ምልክት አድርግ አልኩት። አሁን ከምልክት እስከ ምልክት ለካ። «1 ሜትር ከ2» አለኝ። በማርቴሎ ቀስ እያለ መታ መታ አደረገው። ልክ 1 ሜትር ሲሞላ ስኳድራውን፣ የቀጥታ ማዕዘን መለኪያውን፣ አምጥቶ ጥጉ ላይ አስቀመጠ። ልክክ። ዝም ብሎ ቆየና «ይሄ እኮ ፓይታጎረስ ነው» አለ። ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለፈውን ነገር በእጁ ያዘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሬም ተጣሞበት አያውቅም። እናንተ «ለሕይወትና ለሥራ የሚሆን ክህሎት» ብላችሁ የጻፋችሁት ይሄንን ካልሆነ ምኑን ነው?

ኮሌጆቹን አልጠላም፣ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ለትብብር ሥልጠና፣ ሥራ ቦታ ላይ እንዲለማመዱ፣ የሚላኩትን ልጆች በየዓመቱ እቀበላለሁ። አሠራሩ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ስንት ልጅ አንድ ኤሌክትሮድ ሳይጨርስ የኮሌጁን ደረጃ ሁለት ጨርሶ መጥቶብኛል! ለልምምድ የሚሆን ብረት ተቋሙ ውስጥ የለማ። መጀመሪያ ያበላሻሉ፣ ይደነግጣሉ። «አብሽር፣ ብረት ነው፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይበየዳል» እላቸዋለሁ። የሚያበላሹት ቱቦላሬ ዋጋ ከኔ ኪስ ነው። ሲጨርሱ ፎርሙ ላይ እፈርማለሁ። የሚያየኝም የሚጠይቀኝም የለም።

የራሴ ረዳቶች ደግሞ ፎርም እንኳ የላቸውም። ሕጉ ከመደበኛ ሥልጠና ውጭ የተማረ ሰውም የብቃት ምዘና መውሰድ ይችላል ይላል። ሲ.ኦ.ሲ. የምንለውን። አራት ዓመት ከኔ ጋር የሠራ ልጅ ይዤ ተመዝግቤያለሁ። አንድ ጊዜ ቀኑ ተራዘመ። ሁለተኛ ጊዜ መዛኝ የለም ተባለ። ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ «ከየትኛው ተቋም ነው የመጣው?» ብለው መለሱን። በዚያው ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት የኮምባይንድ ዴስክ ሥራ ጨረታ ወጥቶ ተወዳደርኩ። ሠራተኞችህ የምስክር ወረቀት የላቸውም ተብዬ ወደቅሁ። በ2014ቱ ጦርነት ማግሥት፣ የኔም ሱቅ ተዘርፎ ባዶውን ሳለ፣ የተሰባበሩ የተማሪ ዴስኮችን በተውሶ ማሽን እየበየዱ ልጆቹን ከመሬት ያነሱት እነዚሁ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ናቸው። ያኔ ማንም ወረቀት አልጠየቃቸውም።

ያ አራት ዓመት የሠራው ልጅ አሁን እኔ ዘንድ የለም። በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወረደ፣ ከዚያ ባሕር ተሻገረ። እናቱ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ እየመጡ «ደወለልህ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ ከሳውዲ ደወለ። እዚያ ብረት ሰጥተው «በይድ» አሉት፣ በየደ፣ ቀጠሩት። ሙያውን ያስተማረችው ደሴ ናት። ሙያ አለህ ያለው ግን የሰው አገር ነው። እናንተም «ሙያ የሌላቸው» ስትሉ ለዚያ ልጅ ወንድሞች በሩን እያሳያችኋቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ውስጤን የነካው እሱ ነው። አያቴ ማረሻ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ያረሰው ሁሉ በእሳቸው ማረሻ ነው ያረሰው። ግን ሠርግ ላይ ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። «ቡዳ» ይሏቸዋል፣ ልጅ አታሳዩአቸው ይባላል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ፣ ስድቡ በጨዋ ቃል ተጽፎ ከፎቶ ሥር ሳገኘው ተናደድኩ። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ብረት የነካ እጅ ሁሌ ያልተማረ እጅ ነው የሚመስላችሁ?

ጋዜጠኛችሁ ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ምናልባት ተቻኩሎ ይሆናል። ድጋሚ ይምጣ። ሱቄ የታወቀ ነው፣ ሰኞ ገበያ ሲደርስ የብረት ድምፅ ይሰማል። ቡና እናፈላለን። ልጆቹን ራሳቸውን ያናግር፣ ምን ጎደላችሁ ይበላቸው። መነጽር፣ ጓንት፣ የምዘና ቀን፣ ብድር ይሉታል። ሙያ የሚል አንድም አይገኝም።

እስከዚያው የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘገባው አሁንም ገጻችሁ ላይ አለ። ከፎቶው ሥር ያለውን መስመር አንሱና «በያጅ» ብላችሁ ጻፉ።

ከሰላምታ ጋር
የብረታ ብረት ባለሙያ፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ