መባውን ትቶ የሚሄድ ሰው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በክርስትና ሕይወት ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓት ይጠበቅ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ያበቃል። ክርስቶስ ግን ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው ከአዝሙድና ከእንስላል እንኳ አሥራት በማውጣታቸው ሳይሆን ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ነበር፤ ይህን እያደረጉ ያንንም አለመተው እንደነበረባቸው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ተጽፏል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ተነሥቼ ነው። ጾሜንና ጸሎቴን በደብተር እየመዘገብሁ አንድም ቀን ሳላስታጉል በኖርሁባቸው ዓመታት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በውርስ ምክንያት ተኳርፌ ነበር። ደብተሩ ኩርፊያን የሚመዘግብ ቦታ ስላልነበረው እኔም እንደ በደል አልቆጠርሁትም። ይባስ ብሎ፣ ሥርዓቱን ባጠበቅሁ ቁጥር የሌሎች ድካም ጎልቶ ይታየኝ ጀመር።

ዓይኔን የገለጠልኝ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 በጠፋው ልጅ ምሳሌ የሚገኘው ታላቁ ልጅ ነው። ከአባቱ ትእዛዝ ተላልፎ እንደማያውቅ ሲናገር አባቱ አላስተባበለውም፤ ምናልባትም እውነቱን ነበር። ሆኖም ጠፍቶ የተመለሰውን «ወንድሜ» ማለት አቅቶት «ይህ ልጅህ» አለ፤ አባቱ ግን «ይህ ወንድምህ» ብሎ መለሰለት። ያ ሁሉ ዘመን ትእዛዝ በመጠበቅ ያለፈበት ልጅ የአባቱን ልብ ሳያውቅ ከደጅ መቆሙ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል።

ሥርዓቱን በመጣሉ ብቻ በመንፈስ ያደገ ሰውም አላየሁም፤ በነጻነቱ የሚኩራራ ሰው በጾሙ ከሚኩራራው አይሻልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የዘረዘራቸው 9ኙ የመንፈስ ፍሬዎች፣ ፍቅርም ትዕግሥትም የውሃትም ቢሆኑ፣ በቁጥር አይመዘገቡም፤ ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቋቸውም አብረውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ታዝዟል። እኔም ዘግይቼ ቢሆን ወደ ወንድሜ ሄድሁ፤ ጾሙንም ጸሎቱንም አልተውሁም፣ ደብተሩን ግን ዘጋሁት።

ስለዚህ የእምነት አባቶችንና መምህራንን በትሕትና የምለምነው፣ ምክር ፈልጎ የሚመጣውን ምእመን ስንት ቀን እንደጾመ ከመጠየቃቸው በፊት ከማን ጋር እንደተጣላ እንዲጠይቁት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ