ማግኔት ጉልበት አይቀማም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ በሳይንስ ዓምዳችሁ «ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶችን ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ጉልበታቸውን ይቀማቸዋል» ብላችሁ ጻፋችሁ። አንብቤ አፈርኩ። ደሴ ፊዚክስ ሳስተምር እኔም ይህንኑ ለተማሪ ተናግሬያለሁና።

ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት ሥዕሉን በኤሌክትሮን ጨረር ወደሚሥለው የትምህርት ቤቱ የድሮ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አስጠጋሁት። የዜና አንባቢው ፊት ሲንጋደድ ተማሪው አውካካ። (በባለ ቀለሙ እንዳትሞክሩት፤ እድፍ ይተዋል።) «አያችሁ፣ ማግኔት የኤሌክትሮንን መንገድ ያጣምማል እንጂ ሥራ አይሠራበትም፤ ጉልበት አይሰጠውም፣ አይቀማውም» አልኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ትናንት የጠፈሮቹ በማግኔት ውስጥ ጉልበት ያጣሉ ብለውን አልነበር? ታዲያ ማን ወሰደው?» «ማግኔቱ ነዋ!» አልኳት። በአፌ የገነባሁትን በአፌ አፈረስኩት።

የሚወስደው ብርሃኑ ነው። ፈጣን ኤሌክትሮን በተጠማዘዘ ቁጥር ብርሃን ይረጫል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ከራሱ ጉልበት ነው። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን በሰከንድ የሚያፈሰው አራት እጥፍ ይሆናል።

ክራብ ኔቡላ የተባለውን የጠፈር ጋዝ ደመና ውሰዱ። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ1054 ሲፈነዳ ያዩት ኮከብ ቅሪት ነው፤ ስሙ ሸርጣን ይሁን እንጂ ያለው ሠውር በተባለው የከዋክብት ስብስብ ነው። መስኩ ከምድራችን መስክ ከሺህ ጊዜ በላይ የደከመ ነው። እንዲያም ሆኖ ኤክስሬይ የሚረጩት ኤሌክትሮኖቹ ጉልበታቸው እጅግ ብዙ ስለሆነ በጥቂት ዓመታት ይጨርሱታል። ኔቡላው እስከ ዛሬ የሚያበራው መሀሉ ላይ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል የሚሽከረከረው ፑልሳር (ኮከቡ ፈንድቶ የተረፈው ጥቅጥቅ ያለ እምብርት) አዳዲስ ኤሌክትሮን ስለሚያቀብለው ነው። ፑልሳሩም በበኩሉ ሂሳቡን ከሽክርክሪቱ ስለሚከፍል እየዘገየ ነው።

ደግሞ «ቅንጣቶች» ብላችሁ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከተታችኋቸው። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የ27 ኪሎ ሜትር ክብ የቅንጣት ማፋጠኛ ዋሻ ቀድሞ ኤሌክትሮን ሲያዞሩ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በአንድ ዙር ብቻ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ይጠፋ ነበር። ዛሬ በዚያው ዋሻ የሚዞረው ፕሮቶን ከ60 ጊዜ በላይ ጉልበት ተሸክሞ ከቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አያጣም፤ ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ይከብዳላ!

ስህተቴ የገባኝ ልጆቹ ተመርቀው ከተበተኑ በኋላ ነው። እርማቱን እዚያው ዓምድ ላይ አውጡልኝ፤ ምናልባት ያቺ ልጅ ታነበው ይሆናል።

ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ