ሠላሳ ሁለት እና ስምንት

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእግዚአብሔር ሰላም ካንተና ከመላው ቤተሰብህ ጋር ይሁን እያልሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱን ሁለታችንም ስለምናውቀው ሌላ ሰበብ አልፈልግለትም።

የዚያን ሐሙስ ምሽት ጥናታችንን አልረሳሁትም። ሁለተኛ ዜና መዋዕልን እያነበብን ነበር። አንተ ኪንግ ጀምስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘህ መጥተህ፣ ምዕራፍ 21 መጨረሻ ላይ ንጉሥ ኢዮራም በ32 ዓመቱ ነግሦ 8 ዓመት እንደ ገዛ ካነበብህልን በኋላ፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «32 + 8 = 40» ብለህ ጻፍህ። ቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ በአባቱ ፋንታ የነገሠው ልጁ አካዝያስ በነገሠ ጊዜ 42 ዓመቱ እንደ ነበረ ይናገራል። «ታዲያ ልጁ አባቱን በሁለት ዓመት ሊበልጠው ነው?» ብለህ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቅህ። እኔ መልስ አልነበረኝም። መልስ የለኝም ማለት ሲገባኝ ግን፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየትኛው መንፈስ እንደሚመጣ ታውቃለህ ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁህ። መጽሐፍህን ዘጋህ፤ ሻይህም ሳትነካው በብርጭቆው ውስጥ ቀዘቀዘ። ይቅር በለኝ። እምነቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር፤ የጠበቅሁት ግን ፍርሃቴን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስሕተት የለበትም ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ይህን ሳልሸሽግ ልነግርህ ይገባል። ነገር ግን ይህን እምነት የምይዝበትን መንገድ ያስተማረኝ ከመምህራን ሁሉ ይልቅ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ለጄሮም የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። አውግስጢኖስ በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ጳጳስ፣ ጄሮም በቤተ ልሔም የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ሆነው፣ አንድም ቀን ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ለዓመታት ተጻጽፈዋል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሊያደርስ የነበረው ሰው ጳጳስ ሆኖ ተሾመና ከመንገዱ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሌላው ደብዳቤ ጄሮም እጅ ሳይገባ በጣሊያን አገር ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ከረመ፤ ጄሮምም ወጣቱ ጳጳስ በስውር ሊያዋርደኝ ነው ብሎ ክፉኛ ተቀየመ። ይህን ሳነብ ስለ እኛ አሰብሁ።

የተከራከሩበት ነገር ገላትያ ምዕራፍ 2 ነበር። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት መቃወሙን ጄሮም ለሕዝቡ ጥቅም ሲባል በስምምነት የተደረገ ነው ብሎ ተረጎመው። አውግስጢኖስ ይህን ሊቀበል አልቻለም፤ ሐዋርያው «በእግዚአብሔር ፊት ሐሰት አልናገርም» ብሎ በጻፈበት መልእክት ውስጥ ለበጎ ነው ተብሎ አንድ ሐሰት ከተፈቀደ፣ ማንም ሰው የከበደውን ትእዛዝ ሁሉ በዚያው ሰበብ ሊያመልጠው ነው ብሎ ፈራ። እኔንም እስከ ዛሬ አጥብቆ የያዘኝ ይህ ፍርሃት ነው፤ ይህ ደግሞ ያን ምሽት ከያዘኝ ፍርሃት የተለየ ነው።

ይኸው አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ጸሐፊዎች ከቶ እንዳልተሳሳቱ በጽኑ እንደሚያምን ከተናገረ በኋላ፣ ከእውነት ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር ሲገጥመው ወይ ቅጂው የተበላሸ ነው፣ ወይ ተርጓሚው አልደረሰበትም፣ ወይም እኔ አልገባኝም ከማለት እንደማያመነታ ይገልጻል። ወንድሜ፣ ያንተ እርሳስ የነካው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛ ነገሥት 8፥26 ያንኑ አካዝያስን የ22 ዓመት ሰው ይለዋል፤ በዜና መዋዕልም ጥንታዊው የሶርያ ቋንቋ ትርጉም 22 ይላል፤ 42 የሚለው የዕብራይስጡ ንባብ ነው። ብራና ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገለብጥ የዋለ ጸሐፊ አንድ ቁጥር እንደ ሳተ አንተ በስሌት ደረስህበት፤ እኔ ግን ከሐዲ አደረግሁህ።

እ.ኤ.አ. በ1978 በቺካጎ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን መሪዎች ባወጡት መግለጫም፣ በመንፈስ ቅዱስ መሪነት ተጻፈ የሚባለው በቀጥታ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ ቅጂና ትርጉም የእግዚአብሔር ቃል የሚሆኑት ለመጀመሪያው ታማኝ በሆኑበት መጠን ነው ይላል። የተጠጋጋ ቁጥርና በነጻ የተጠቀሰ ጥቅስም እንደ ስሕተት እንደማይቆጠር ይገልጻል። አንተ ምን እንደምትል አውቃለሁ፦ በእጃችን የሌለውን ጽሑፍ ስሕተት የለበትም ብንል ምን ይረባናል? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ብዙ ሌሊት አሳስቦኛል። የመጀመሪያው ብራና ባይገኝም ቅጂዎቹ በየአገሩ ስለተበተኑ የአንዱን ስሕተት ሌላው ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅሎች መካከል ትልቁ የኢሳይያስ ጥቅል ቀድሞ ይታወቁ ከነበሩት የተሟሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች በሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም ሲሆን፣ ልዩነቱ በአብዛኛው የፊደል አጻጻፍና የጥቃቅን ቃላት ነው። ቢሆንም ይህ ብቻውን ለእምነቴ መሠረት አይሆነኝም፤ ስለ ቅጂዎቹ ታማኝነት ይመሰክራል እንጂ ጸሐፊው እውነት መናገሩን አያረጋግጥልኝም። ያን የማምነው ጌታዬ ራሱ «መጽሐፉ ሊሻር አይቻልም» ብሎ ስለ ተናገረ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማርቆስ 2፥26 ላይ ጌታችን ዳዊት የመሥዋዕቱን ኅብስት የበላው «አብያታር ሊቀ ካህናት በነበረ ጊዜ» እንደሆነ ይናገራል፤ በአንደኛ ሳሙኤል 21 ግን ኅብስቱን የሰጠው ካህን የአብያታር አባት አቢሜሌክ ነው። አንዳንዶች የግሪኩን ሐረግ «ስለ አብያታር በሚናገረው ክፍል» ብለው ይፈቱታል፤ እኔን አላረካኝም። ሦስቱንም የአውግስጢኖስ መንገዶች ሞክሬ ሦስተኛው ላይ ቆሜያለሁ፤ አልገባኝም። ያ መጽሐፍህ ዛሬም ካንተ ጋር ካለ እባክህ ገጹን ገልጠህ አንብበውና ያሰብኸውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፍኸውም ካለ አትተወው።

ናፋቂ ወንድምህ