ለባዮሎጂው መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ

ይህ ልጄ በስኳር በሽታ ስትወድቅ ለደረሱላት መምህር የምስጋና መልእክት ነው። የማመሰግናቸው ሰው «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ ስም አልጠራም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ልጅ የምታስተምሩ ግን ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። የጋዋናቸው ኪስ በጠመኔ ነጭ የሆነ፣ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር።

ልጄ ደህና ናት። ትናንት ማታ ከወንድሟ ጋር በሪሞት ተጣልታ ቤቱን አናውጣው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ጥም ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ቆጥበን ነው የምንጠቀመው። እሷ ግን ሌሊት እየተነሳች አንድ ሃይላንድ ሙሉ ትጨርሳለች። ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትጠጣለች። የዩኒፎርም ጉርዷ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ማጥበቅ ጀመረች። አንዷ ጎረቤቴ «ቁመት እየጨመረች ነው» አለች። ሌላዋ «ፈተና አስጨንቋት ነው» አለች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ታይፎይድ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጣት። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን የለካ ሰው አልነበረም።

መምህሩ ግን ያዩ ነበር። በአንድ ክፍለ ጊዜ ደጋግማ ለሽንት ስታስፈቅድ አልተቆጧትም። ሌላ ቢሆን «ሰበብ ፈላጊ» ብሎ ያስቀምጣት ነበር። አንድ ጠዋት ዴስኩ ላይ ተደፍታ አገኟት። ሮጣ የመጣች ይመስል በረጅሙና በፍጥነት ትተነፍሳለች። ጠጋ ሲሉ ትንፋሿ አሴቶን አሴቶን ይሸታል። ክፍሉን ለአለቃው ትተው ባጃጅ ውስጥ አስገቧት። ለእኔ መንገድ ላይ ሆነው ደወሉ። «እናት፣ አይደንግጡ። ምጣዱን ያጥፉና ሆስፒታል ይምጡ» አሉኝ። እንጀራ ጋግሬ እንደምሸጥ ያውቃሉ። ባይሉኝ ኖሮ ምጣዱን እንደበራ ትቼው ነበር የምሮጠው።

ስደርስ ልጄ ግሉኮስ ተተክሎላት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደግነቱ አልተተከለላትም። እሳቸው ካርድ ሳይወጣ በፊት «መጀመሪያ ስኳሯን ለኩልኝ» ብለው ሙጭጭ ብለዋል። መለኪያው ቁጥር ማሳየት ትቶ «ሃይ» ብሎ ጻፈ። ብዙዎቹ ማሽኖች ከ600 ሲያልፍ እንደዚያ ይላሉ። ጤነኛ ሰው በባዶ ሆዱ ከ100 በታች ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ኢንሱሊን ከሌለ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም አይችልም፣ ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ከዚያ የሚወጣው ኪቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ያ አተነፋፈስና ያ ሽታ የመጣው ከዚያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በፈሳሽና በኢንሱሊን አጠገቧ የቆሙትን ሐኪሞችና ነርሶች በዚሁ አመሰግናለሁ፣ እጃችሁ ይባረክ።

መምህሩ ይህን ብቻ አድርገው ቢተዉ እንኳ ውለታቸውን ከፍዬ አልጨርሰውም። ይህን ያስጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው።

ልጄ ከሆስፒታል ስትወጣ ወሬው ቀድሟት ሰፈር ደርሶ ነበር። ቡዳ በልቷት ነው ተባለ። ይጋባል ተባለ። ሌላም ተባለ፣ አልደግመውም። እሷም ትምህርት ቤት አልመለስም አለች። መምህሩ አራት ፎቅ ወጥተው ሊጠይቋት መጡ። የመጣው ጠያቂ ሁሉ ብርቱካንና ጁስ ይዞ ነበር የመጣው፤ እሳቸው እንቁላል ይዘው መጡ። ቁጭ ብለው እሷን ጠየቋት እንጂ እኔን አይደለም። «ስምሽን ሳልጠራ ስለ በሽታው ለክፍሉ ባስተምር ቅር ይልሻል?» አሏት። አሰበች አሰበችና «እኔ በሌለሁበት ግን አይሁን» አለች። እኔንም ጋበዙኝ፣ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ስኳር አልጀመሩም። «የኮንዶሚኒየማችሁ ጥበቃ ሌባና ነዋሪ መለየት ቢያቅተው ምን ይፈጠራል?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ልጅ «እኛን በዱላ ይላል!» አለ፣ ክፍሉ ሳቀ። የሰውነት መከላከያም አንዳንዴ እንደዚያ ይሳሳታል አሉ። የገዛ አካሉን ባዕድ ነው ብሎ ያጠቃል። ቦርዱ ላይ ቆሽት ሳሉ። በውስጡ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ቤታ ሴሎች በቀይ ጠመኔ ነጠብጣብ አደረጓቸው፣ ከዚያ አንድ በአንድ በጣታቸው ያጠፏቸው ጀመር። «ምልክቱ የሚታየው አብዛኞቹ ከጠፉ በኋላ ነው» አሉ። ጣታቸው ቀይ ሆነ። እኔ ያን ስዕል እያየሁ ነው የልጄ በሽታ የገባኝ። ስኳር አብዝታ በልታ አይደለም። እኔ ሻይ አጣፍጬባትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎችን የሚይዘው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሌላ ነው። የእሷ አንደኛው ዓይነት ነው፣ ክኒን አይተካውም፣ መርፌ ይፈልጋል።

ከዚያ ሰውነት እንዲሁ ራሱን የሚያጠቃባቸውን የበሽታውን ዘመዶች ነገሩን። መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ሩማቶይድ፣ ይበልጡን ወጣት ሴቶችን የሚይዘው ሉፐስ፣ አንዳንዱ የእንቅርት ዓይነት፣ ለምጽም ጭምር። ከሁሉም የቆዩት ከቶንሲል በኋላ በሚመጣው የልብ በሽታ ላይ ነው። ሰውነት የጉሮሮውን ባክቴሪያ ሊገድል የሠራው መሣሪያ ዞሮ የልብ ቫልቭ ይመታል። «ጉሮሮው የታመመን ልጅ እንጥል ከማስቆረጥ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» አሉ። ለልጆቹ ሲናገሩ ወደ እኔ አይተው ነበር፣ እናቶች እንደምንሰማ ገብቷቸዋል መሰለኝ።

አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ቡዳ ነው የሚሉትስ?» አለች። አልሳቁባትም። «የበላት ሰው የለም» አሉ። «ቆሽቷን የበላው የራሷ ነጭ የደም ሴል ነው። አብራችሁ ብትቀመጡ፣ ብትጎራረሱ፣ በአንድ ብርጭቆ ብትጠጡ አይጋባም።» ስም አይጠራም ብለን ነበር፣ «እሷ» ሲሉ ግን ልጄ ራሷ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ጥያቄው ሁሉ ወደ እሷ ሆነ። መርፌው ያማል ወይ? ልደት ላይ ኬክ ትበያለሽ ወይ?

ስለ ኢንሱሊን አመጣጥም ነገሯቸው። በ1921 በፈረንጅ አቆጣጠር ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ነው የተገኘው። በቀጣዩ ጥር የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። ያገኙት ሰዎች መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። እኔ ዛሬ በስንት እንደምገዛው አልናገርም፣ ምስጋናው ወደ ሮሮ ይለወጥብኛል።

በመጨረሻ ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ አስተማሯቸው። ስትንቀጠቀጥ፣ ሲያልባት፣ ነገር ሲምታታባት ካያችሁ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧት። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንድትለካ አድርጉ፣ ሲሻላት ዳቦ ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳታደርጉ፣ ሐኪም ጋ ሩጡ። ይህ ትምህርት ብዙም ሳይቆይ ሥራ ላይ ዋለ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጄ ከሩጫ መሐል ቆማ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድሮ «ኮሳሳ» እያለ የሚያበሽቃት ልጅ ነው ቀድሞ የደረሰው። ከቦርሳው በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አወጣ። ከእናቱ ጓዳ ነው የወሰደው፣ እናቱም እስካሁን ጠፋብኝ እያለች ነው አሉ። እህቴ፣ ይቅር በይው፣ ስኳሩ እኔ ዘንድ ነው የደረሰው።

ለቤታችንም ብዙ አስተምረውናል። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በረዶ ከያዘው ግን አይሠራም። መብራት ሲጠፋ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ይጠፋል፣ በረጠበ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ያቀዘቅዘዋል። ዘመድ «መርፌውን አቁሚና ጸበል አስገቢያት» ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ለእሳቸው ነገርኳቸው። «ጸበሉን ትጠጣ፣ እኔም እጠጣለሁ። መርፌው ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ» አሉ። ቄሳችንም ያንኑ ነው ያሉኝ።

ስጦታ ልሰጣቸው ሞክሬ ነበር፣ አልተቀበሉም። ስጨቀጭቃቸው ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። ትምህርት ቤቱ የስኳር መለኪያ ማሽን አግኝቷል፣ ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ግን የለውም። «ለእኔ የምታወጪውን ለዚያ አውጪው» አሉ።

መምህር፣ ስትሪፑን ገዝቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ለልጄ አስይዤ እልካለሁ። እንቁላሉንም አልረሳሁትም፣ ለበዓል እኛ ቤት ነዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።