የኢንጂነራችን አርባ

ውድ የእድራችን አባላት፣

የኢንጂነራችን የአርባ ቀን ጸሎተ ፍትሐት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ ይደረጋል።

ሥራ ከአገር አገር ሲያዞራቸው ኖሯል፤ ፒያሳ ሲመለሱ ግን ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ለቅሶ ይደርሱ ነበር። 188 ሜትር ከፍታ ስላለው የተከዜ ግድብ ከጠየቋቸው ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። ድንኳን በተተከለ ቁጥር ምሰሶውን ነቅነቅ አድርገው ገመዱን ካላጠበቁ አይቀመጡም (ወጣቶቹን ማናደዱ አልቀረም)። የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ካቴድራሉን እየዞሩ ስምንቱን ጎን ያስቆጥሯቸዋል፤ የተሳሳተ እንደገና ይዞራል። ባለቤታቸው እንዳሉን፣ ከውጭ ሲደውሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጆቹ በሉ?» ነበር።

ንፍሮና ዳቦ የምታዘጋጁ እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእድሩ ቤት ተገናኙ። የእርሳቸው ፎቶግራፍ ያላችሁ ለጸሐፊው አድርሱ።