ተዋናዩ ቀድሞ አይሳቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴሌቪዥን ከሚቀርቡልን አስቂኝ ድራማዎች በብዙዎቹ ተዋናዩ ቀልዱን ተናግሮ ሳይጨርስ ዓይኑን ሲያፈጥ፣ ከንፈሩን ሲያጣምም፣ አልፎ አልፎም ሳቁ ሲያመልጠው አያለሁ። የኛን ሳቅ እሱ ቀድሞ ከሳቀልን ለእኛ የሚተርፈን ነገር ስለሌለ፣ አዘጋጆችና ተዋንያን ኮስተር ብሎ ማሳቅን እንደ ሙያ እንዲይዙት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ለዚህ ሙያ ከአሜሪካዊው የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይ ከበስተር ኪተን የተሻለ ምስክር አላውቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ካንሳስ ውስጥ የተወለደው ኪተን ገና በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ አባቱ እያነሣ ሲወረውረው፣ እሱ ከሳቀ ተመልካቹ እንደሚቀዘቅዝ፣ ፊቱን ሳይፈታ ከተነሣ ግን አዳራሹ በሳቅ እንደሚናወጥ ያን ጊዜውኑ ተረዳ። በ1928 ለእይታ በበቃ አንድ ፊልሙ ላይ አውሎ ነፋስ የአንድን ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ ገንጥሎ ይጥልበታል፤ ኪተን የሚተርፈው የቆመበት ቦታ ከላይኛው ፎቅ ክፍት መስኮት ትክክል ስለሆነ ብቻ ነው። ግድግዳው በእርግጥም ከባድ ስለነበር ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ሕይወቱን ባጣ ነበር። አቧራው ሲነሣ ግን ፊቱ ላይ ጩኸትም ልመናም የለም። ድንጋጤውን ስላላሳየን እኛ እንደነግጥለታለን፣ ወዲያውም እንስቃለን። ይህ ፊት ግን የደነዘዘ አይደለም፤ የአንገቱ ዘንበል ማለት፣ የዓይኑ አቅጣጫና የእግሩ ፍጥነት አፉ የማይለውን ሁሉ ይናገራሉ። ኮስታራነትን ደርቆ መቆም አድርገው የሚይዙ ጀማሪዎች የሚስቱት ይህንኑ ነው።

እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ቅኔ የሚዘርፍ ሊቅ ወርቁን በፊቱ ቢያሳብቅ ሰሙን መደርደሩ ለምን ያስፈልገው ነበር? እሱ ረጋ ብሎ ሰሙን ይጥላል፤ ወርቁን ፈልፍሎ ማግኘትና መደሰት የሰሚው ድርሻ ነው።

በኑሮም ፊቱ የማይፈታን ሰው ኩሩ ወይም ጨካኝ ለማለት እንቸኩላለን። የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች የፊታቸው ጡንቻ ስለሚገተር ደስታቸውና ኀዘናቸው ውስጣቸው እያለ ገጻቸው ላይ አይነበብም፤ ቤተሰብ እንኳን ተቀየሙን ብሎ ያዝናል። ፊትን ብቻ ማንበብ ከምንለምድባቸው ቦታዎች አንዱ ሁሉን በፊት ገጽታ የሚያስረዳው ትወናችን ይመስለኛል።

ስለዚህ በትያትር ትምህርት ቤቶችና በልምምድ ቦታዎች ዓይንን፣ አንገትንና ትንፋሽን መግራት ራሱን የቻለ ጊዜ ይሰጠው። አዘጋጆችም ተዋናዩ ቀልዱን ከተናገረ በኋላ ፊቱን ሳይለውጥ ሳቁ እስኪመጣ ድረስ እንዲጠብቅ ያለማምዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የትያትር ወዳጅ አንባቢያችሁ