መጀመሪያ ካኑላው ይታይ

ክቡር አዘጋጅ፦

እዚህ ጎንደር ተኝቶ የሚታከም ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲያተኩሰው ቶሎ የሚነሳው ስም ወባ ወይም ታይፎይድ ነው። ከመተማ ወይም ከሁመራ ለመጣ ሰው ደሙ ለወባ መታየቱ ትክክል ነው። ሆኖም ሲተኛ ያልነበረበት ትኩሳት ከ48 ሰዓት በኋላ ከጀመረው፣ እጁ ላይ የተሰካው ካኑላ (መድኃኒትና ግሉኮስ በደም ስር የሚሰጥበት ትንሽ ቱቦ) ወይም አንገቱ ላይ ያለው የኩላሊት እጥበት ካቴተር (ወደ ትልቅ ደም ስር የገባ ቱቦ) አብሮ መጠርጠር አለበት። በተለይ በካኑላው የሚሰጠው ግሉኮስ መንጠባጠብ ወይም እጥበቱ እንደጀመረ የሚያንዘፈዝፍ ብርድ ከያዘው። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ እዚህ ላይ አይረዳም፤ እንዲያውም «ታይፎይድ ነው» ይባልና ካኑላው ይረሳል።

ስለዚህ ጋቢው ይገለጥ፣ ፕላስተሩም ይነሳ። ደም ስሩ ሲዳሰስ እንደ ገመድ ከጠጠረ፣ ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከቋጠረ ካኑላው ወዲያው ይነቀልና አዲስ በሌላው እጅ ይተከል። ደም ስር ለማግኘት አስቸግሮ ነበርና ይቆይ ማለት አያዋጣም። የአንገት ካቴተር ግን ያታልላል፤ ጀርሙ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ተጣብቆ ስለሚራባ ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ደሙ ሊበከል ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነን ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ጀርም መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ የሚላክ ካልቸር (በደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ነው። ጀርሙ በመድኃኒቱ ስለሚታፈን ውጤቱ «አልበቀለም» ይሆናል፣ ሐኪሙም በጭፍን ያክማል። ደሙ ከመድኃኒቱ በፊት ይቀዳ፦ አንዱ ከካቴተሩ፣ ሌላው ከክንድ ደም ስር፣ በተቀራረበ ሰዓት፣ በእኩል መጠን። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ቆዳው በክሎርሄክሲዲን አልኮል ከታሸ በኋላ 30 ሰከንድ ይደርቅ፤ ከዚያ ወዲያ በጣት መልሶ መዳሰስ የለም። የጠርሙሱ ጎማ ክዳንም በአልኮል ይጠረግ። ከየት እንደተቀዳና ሰዓቱ ይጻፍበት፤ ፍሪጅ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ።

በሁለቱም ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ጀርም በቅሎ የካቴተሩ በ2 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከቀደመ ምንጩ ካቴተሩ ነው። ይህ በማሽን ለሚከታተል ላቦራቶሪ ነው፤ ጠርሙሱ በዓይን በሚታይበት ቦታ የ2 ሰዓት ልዩነት አይያዝም። እዚያ የተነቀለው የማዕከላዊ ካቴተር (እንደ አንገቱ ያለ፣ ትልቅ ደም ስር ውስጥ የነበረ ቱቦ) ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከጀርም በጸዳ መቀስ ተቆርጦ ይላክ፤ ጫፉ በጀርም ማብቀያው ሳህን ላይ ሲንከባለል ከ15 በላይ ኮሎኒ (የጀርም ክምችት ነጠብጣብ) ካበቀለና ከክንድ የተቀዳው ደምም ያንኑ ካሳየ ነገሩ ተረጋገጠ። ጫፉ ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ ስታፍ የተባለው የቆዳ ጀርም ከብዙዎቹ ጠርሙሶች በአንዱ ብቻ ከበቀለ አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ሲቀዳ ከቆዳ የገባ ነው፤ ቫንኮማይሲን የተባለውን ፀረ ጀርም መድኃኒት ከመጀመር በፊት በሽተኛው በደንብ ይታይ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ወይም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ግን በአንድ ጠርሙስ እንኳ ቢገኝ አይናቅም፤ ካቴተሩ ይወጣል። ለእጥበት ታካሚ አዲስ ካቴተር ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ያም ሆኖ እነዚህ ሁለቱ ቱቦው ሳይወጣ በመድኃኒት ብቻ ይጸዳሉ ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። ለኦሪየስ ሕክምናው ቢያንስ 14 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ከመጀመሪያው መርፌ ሳይሆን ደሙ ንጹሕ ከሆነበት ካልቸር ጀምሮ ነው። ለዚህ ካልቸሩ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ይደገም። መድኃኒቱ ተጀምሮ ከ72 ሰዓት በኋላም ትኩሳቱ ካልወረደ የልብ ቫልቭ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ይታይ፤ ቫልቩ ከተነካ ሕክምናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይደርሳል።

በሽተኛው መድኃኒቱን በአፉ መውሰድ ከጀመረ ካኑላው «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ መቆየት የለበትም። አስታማሚዎችም ፕላስተሩ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ በራሳችሁ አትለጥፉት፤ ነርሷን ጥሩ፣ «ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዋርድና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከጎንደር